የጋዝ ቦይለር ለምን ከልክ በላይ ያሞቃል?

ባሕር ዳር ላይ የጋዝ ቦይለር የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ነው። ቦይለሩ በሁለት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ ይለኮሳል፣ ጋዙን ከሲሊንደር ይወስዳል፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ችግሩ ግን ብቅ የሚለው መብራት በጠፋበት በዚያው ሰዓት ነው። ሻወር ሥር የቆመው ሰው «ውሃው ፈጀኝ!» ብሎ ይወጣል። ትናንት በዚሁ ማዞሪያ ለሰውነት የሚስማማ ውሃ ይወርድ ነበር፤ ማዞሪያውን የነካው የለም።

የተለወጠው ውሃው ነው። መብራት ሲኖር ፓምፑ ይገፋው ነበር፤ ሲጠፋ ከሮቶ በራሱ ክብደት ብቻ ይወርዳል። እሳቱ ግን እንደ ቀድሞው ይነዳል። ያ ሁሉ እሳት ለግማሽ ውሃ ሲደርስ፣ በውሃው ላይ የሚጨመረው ሙቀት እጥፍ ይሆናል። ቦይለር ከልክ በላይ ሲያሞቅ ብዙ ሰው ጋዙን ወይም የቦይለሩን ጥራት ይጠረጥራል። መለካት የሚጀመረው ግን ከውሃው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥገናውም እዚያው ያልቃል።

እዚህ የምንናገረው ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀለው፣ ታንከር ስለሌለውና ውሃውን እያሳለፈ ስለሚያሞቀው ቦይለር ነው። ውሃ አጠራቅሞ የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ቦይለር የሚበላሸው በሌላ መንገድ ነው።

አሁን ውሃው እየፈጀ ከሆነ ከሻወሩ ሥር ወጣ ይበሉና የሙቅ ውሃውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ይክፈቱት። የቀዝቃዛውን ይዝጉት። ይህ ለብዙ ሰው ግራ ነው፤ ውሃ ሲያቃጥል እጅ በደመ ነፍስ የሚሄደው ሙቁን ለመቀነስና ቀዝቃዛውን ለመጨመር ነው። ሙቁን ሲቀንሱ ግን በቦይለሩ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ያንሳል፣ ያነሰው ውሃ ደግሞ ይበልጥ ይግላል። ቀዝቃዛውን ሲጨምሩም ከአንድ ሮቶ የሚመጣውን ግፊት ከሙቁ መስመር ይሻማል። መጨረሻው ወይ ቦይለሩ ይጠፋና በረዶ የመሰለ ውሃ ይወርድብዎታል፣ ወይ ሊፈላ የደረሰ ውሃ ይመጣል። ትክክለኛው መንገድ ሙቁን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ በቦይለሩ ሣጥን ላይ ያለውን የጋዝ ማዞሪያ መቀነስ ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ውሃውን ዘግተውት እሳቱ ካልጠፋ ሌላ ምንም ሳይሞክሩ የሲሊንደሩን ጋዝ ይዝጉ። ቀጥሎ ሙቅ ውሃውን ይክፈቱና ቦይለሩ እስኪቀዘቅዝ ያፍስሱት፤ መጀመሪያ እንፋሎት ሊተፋ ስለሚችል እጅዎን ያርቁ። ውሃው ሲቆም ጋዙን መዝጋት ያለበት ቫልቭ ተጣብቋል ማለት ነው። በውስጡ የጎማ ዲያፍራም አለ፤ የውሃ ግፊት ሲገፋው አንዲት ቀጭን ዘንግ ይዞ ይሄድና ጋዙን ያስከፍታል፣ ውሃው ሲቆም ይመለሳል። ዘንጓ ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት ከደረቀች ወይም ደለል ከገባባት አትመለስም። በባሕር ዳር ከፍታ፣ ማለትም ከባሕር ጠለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ፣ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። መውጫ ያጣ ውሃ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንፋሎት ይሆናል። ይህ ብልሽት በቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም፤ ባለሙያ ቫልቩን እስኪፈታው ድረስ ሲሊንደሩ እንደተዘጋ ይቆይ።

እሳቱ በደንብ የሚጠፋ ከሆነ ወደ ልኬቱ እንሂድ። የቦይለሩ ጎን ላይ የተለጠፈች ታርጋ አለች። እዚያ ላይ 6 ሊትር፣ 8 ሊትር ወይም 10 ሊትር የሚል ይገኛል። ብዙ ሰው ይህንን ውሃ የሚይዝበት መጠን ይመስለዋል። ትርጉሙ ግን በደቂቃ ይህን ያህል ሊትር ውሃ ሙቀቱን በ25 ዲግሪ ከፍ ያደርጋል ማለት ነው። ስለዚህ የታርጋውን ሊትር በ25 ያባዙት። ባለ 6 ሊትሩ 150 ይሆናል፣ ባለ 8 ሊትሩ 200፣ ባለ 10 ሊትሩ 250። ይህን ቁጥር ቤትዎ ውስጥ በደቂቃ ለሚወርደው ሊትር ሲያካፍሉት፣ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ሲነድ ውሃው ላይ የሚጨመረው ዲግሪ ይወጣል።

የሚወርደውን ውሃ ለማወቅ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካንና የስልክ ሰዓት ይበቃል። ሲሊንደሩን ይዝጉ፣ ባትሪ ድንጋዮቹን ያውጡ፣ ሻወሩን በሙቁ በኩል ብቻ ሙሉ በሙሉ ከፍተው ጀሪካኑ የሚሞላበትን ሰከንድ ይቁጠሩ። ከዚያ 300ን ለሰከንዱ ያካፍሉ። በ60 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 5 ሊትር ነው፤ 100 ሰከንድ ከፈጀ 3 ሊትር ብቻ። ይህን ሁለት ጊዜ ያድርጉት፣ አንዱን ፓምፑ እየሠራ፣ ሌላውን ፓምፑ ጠፍቶ።

አሁን በቁጥር እንየው። ባለ 6 ሊትር ቦይለር አለዎት፣ መብራት ጠፍቶ በደቂቃ 3 ሊትር ይወርዳል። 150 ለ3 ሲካፈል 50 ነው። ከሮቶ የሚመጣው ውሃ 25 ዲግሪ ከሆነ 75 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል። ለገላ የሚስማማው ከ38 እስከ 42 ዲግሪ ነው። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ አካባቢ ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፤ ቆዳው ስስ የሆነውን ሕፃን ደግሞ ከዚያም ባነሰ ጊዜ። 75 ዲግሪ የሚወጣበት ቤት ውስጥ ልጅ ብቻውን ገላውን መታጠብ የለበትም። ሙቀቱን ለመለካት የሕክምና ቴርሞሜትር አይጠቀሙ፤ ልኩ 42 ዲግሪ ላይ ያበቃል፣ የመስታወቱ ዓይነት ይፈነዳል። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ይሻላል።

በዚህ ስሌት ውስጥ የሮቶው ሙቀት ትልቅ ድርሻ አለው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የሐሩር ወቅት፣ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሮቶ ከሰዓት በኋላ ውሃውን ከ30 ዲግሪ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። በዚያ ሰዓት ለገላ መታጠቢያ የሚያስፈልገው 10 ዲግሪ ጭማሪ ብቻ ነው፤ ቦይለሩ ግን 40ና 50 ሊጨምር ተዘጋጅቷል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ቦይለሮች ላይ ከጋዙና ከውሃው ማዞሪያ ሌላ የበረዶና የፀሐይ ምልክት ያለበት ሦስተኛ ማዞሪያ የተሠራው። ፀሐይዋ ላይ ሲያደርጉት እሳት ከሚተፉት መስመሮች ገሚሱ ይዘጋል። እኛ አገር ሲገጠም በረዶው ላይ ሆኖ ይቀርና ዓመቱን ሙሉ የሚነካው አይገኝም። ለባሕር ዳር አየር ፀሐይዋ ላይ መዋል አለበት ብለን እናምናለን፤ በክረምት ማለዳ ወይም በታኅሣሥ ሌሊት ካልበቃዎት ያን ጊዜ ብቻ ወደ በረዶው ይመልሱት። ይህ አንድ ማዞሪያ ያለምንም ወጪ ችግሩን የሚፈታባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

ቦይለሩ ላይ ያለው የውሃ ማዞሪያም ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ትርጉም ይዞራል። ወደ «ሙቅ» ሲያዞሩት እሳት የሚጨምር ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን የውሃውን መንገድ ማጥበብ ነው። የሮቶ ግፊት ባነሰበት ቤት ይህ ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ክፍት ይሁን፣ ሙቀቱ በጋዙ ማዞሪያ ይስተካከል።

ልኬቱ ዝቅተኛ ከሆነ ውሃው የት እንደታነቀ መፈለግ ነው። ከቦይለሩ ይጀምሩ። ቀዝቃዛ ውሃ የሚገባበት ብሎን ውስጥ ጣት የምታክል ወንፊት አለች። ከሮቶ የሚመጣውን ውሃ ይዝጉ፣ ሻወሩን ከፍተው ግፊቱን ያስወጡ፣ ከዚያ ብሎኑን ይፍቱ። ሁለት መፍቻ ያስፈልጋል፤ በአንዱ የቦይለሩን አንገት ይያዙ፣ በሌላው ብሎኑን ያዙሩ። በአንድ መፍቻ ብቻ የታገለ ሰው የውሃ ቫልቩን ጠምዝዞ ይሰብረዋል። ወንፊቷ ስትወጣ ቡና አተላ የመሰለ ጭቃ፣ የቧንቧ ዝገትና የፕላስቲክ ፍርፋሪ ተለጥፎባት ቢያገኙ አይደነቁ፤ በተለይ ሰፈሩ ውስጥ መስመር ተቆፍሮ ሲጠገን ከሰነበተ። በጥርስ ብሩሽ አጥበው ይመልሷት። አውጥቶ መጣል መፍትሔ ይመስላል፤ ደለሉ ግን ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ዲያፍራሙ ነው፣ ከላይ ያልነውን እሳት ያለመጥፋት ብልሽት የሚያመጣውም እሱ ነው። ሮቶውም ቢያንስ በዓመት ሁለቴ ይታጠብ።

ቀጥሎ የሻወሩን ራስ ፈትተው እንደገና ይለኩ። ያለ ራሱ ልኬቱ በጣም ከጨመረ ቀዳዳዎቹ በነጭ ቅርፊት ተደፍነዋል። አቼቶ ውስጥ ሲያድር ይለቃል። ብዙ ቀጫጭን ቀዳዳ ያለው «ግፊት የሚጨምር» የሚባል የሻወር ራስ ለጋዝ ቦይለር አይሆንም፤ ፍሰቱን ቀንሶ ነው ግፊት የሚያስመስለው።

ራሱ ተፈትቶም ልኬቱ ካልተሻሻለ ጉዳዩ የከፍታና የቧንቧ ነው። ሮቶው ከሻወሩ በላይ በ1 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር የሚያገኙት ግፊት 0.1 ባር ነው። ታርጋው ላይ ቦይለሩ የሚፈልገው ዝቅተኛ ግፊት ተጽፏል፤ 0.25 ባር የሚል ከሆነ የሮቶው ውሃ ከቦይለሩ ቢያንስ 2 ሜትር ተኩል ከፍ ማለት አለበት፣ በቧንቧው ውስጥ የሚጠፋውን ሳንቆጥር። የሚጠፋው ደግሞ ቀላል አይደለም። ባለ 20 የሚባለው ወፍራም ፒፒአር (የፕላስቲክ) ቧንቧ የውስጥ ስፋቱ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ባለ 25ቱ 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ይደርሳል። የሚያልፈው ውሃ ልዩነት ከቁጥሩ ይልቅ ይሰፋል። መጋጠሚያው ሲበየድ ከልክ በላይ የተገፋ ከሆነ ደግሞ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ቀልጦ ቀዳዳውን ያጠበዋል። ከሮቶ እስከ ቦይለሩ ያለው መስመር ባለ 25 ይሁን፣ መታጠፊያው ይነስ። ሁለት ረድፍ ብሎኬት ጨምሮ ሮቶውን በ40 ሴንቲ ሜትር ማንሳትም በደካማ ግፊት ላይ ይታወቃል። ግን ሙሉ ሮቶ ከባድ ስለሆነ፣ 1,000 ሊትሩ 1 ቶን እንደሚመዝን ታስቦ፣ የሚቆምበት ነገር አስቀድሞ ይፈተሽ።

ፒፒአር ራሱ የሙቀቱ ተጠቂ ነው። ለዘወትር ሙቅ ውሃ የሚመከርለት እስከ 70 ዲግሪ ነው። ከቦይለሩ አፍ 80 ዲግሪ ሲወጣበት የከረመ መስመር ያብጣል፣ መጋጠሚያው ያለቅሳል። ከሙቅ መውጫው የመጀመሪያው ግማሽ ሜትር የብረት ፍሌክሲብል ቢሆን ይሻላል።

ውሃው በቂ ሆኖ አሁንም የሚያቃጥል ከሆነ ያኔ ጋዙን እንጠርጥር። መጀመሪያ የሚታየው ሲሊንደሩ አፍ ላይ ሆኖ የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ሬጉሌተር ነው። የቤት ቦይለር የሚፈልገው 28 ወይም 30 ሚሊባር ግፊት ነው፤ ታርጋው ላይ 2800 ፓስካል ተብሎም ይጻፋል፣ ያው ነው። ለሆቴልና ለድግስ ትልልቅ ምድጃ የሚሸጠው፣ በላዩ ላይ የሚዞር እጀታ ያለው ሬጉሌተር ግን 1 ባርና ከዚያ በላይ ሊለቅ ይችላል፣ ማለትም ከሚፈለገው ከ30 እጥፍ በላይ። ሁለቱ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። በእሱ የተገጠመ ቦይለር ሲለኮስ «ቡፍ!» ይላል፣ ነበልባሉ ከመስኮቱ በላይ ይወጣል። እጀታውን በመቀነስ አይስተካከልም፤ ሬጉሌተሩ ይቀየር፣ ቦይለሩም የውስጥ ቫልቮቹ እንዳልተጎዱ ይታይ።

ሁለተኛው የቦይለሩ ዓይነት ነው። በታርጋው ላይ 20 ቁጥርና ከአጠገቡ ዋይ የተባለው የላቲን ፊደል ካለ ለሲሊንደር ጋዝ የተሠራ ነው። 12 እና ቲ ካለ ግን በቧንቧ ለሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ እሱ እኛ ጋ የለም። የዚህኛው ጋዝ መርጫ ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ የሲሊንደር ጋዝ ሲገባበት ነበልባሉ ረጅምና ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸት ያወጣል። መርጫዎቹ ካልተቀየሩ በስተቀር መለኮስ የለበትም።

ጤነኛ ነበልባል ሰማያዊ፣ አጭርና የማይወዛወዝ ነው። እኛ ባለንበት ከፍታ በእያንዳንዱ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ በቂ አየር የሌለበት ቦይለር እዚህ ቶሎ ወደ ቢጫ ይሄዳል። የሐይቁ ዳር እርጥበትም ከትንኝና ከሸረሪት ድር ጋር ሆኖ የአየር መግቢያውን ይደፍነዋል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ፊቱ ተነሥቶ በደረቅ ብሩሽ ይጽዳ።

ሦስተኛው መንስኤ ውሃው እያለፈ በሚሞቅበት በመዳቡ ራዲያተር ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ነው። ይህን በጆሮ መለየት ይቻላል፤ ማንቆርቆሪያ ሊፈላ ሲል የሚያሰማው ዓይነት ጉርጉርታ ከሣጥኑ ይሰማል፣ ወንፊቱና የሻወሩ ራስ ንጹሕ ሆነውም ሙቁ መስመር ከቀዝቃዛው በጣም ያነሰ ውሃ ይሰጣል። የቤትዎ ውሃ ቅርፊት የሚያበዛ መሆኑን የሻይ ማንቆርቆሪያዎ ሥር ይነግርዎታል። ለማጠብ ጋዙንና ውሃውን ይዝጉ፣ ሁለቱንም ፍሌክሲብሎች ፈትተው በምትካቸው ሁለት ጎማ ይግጠሙ፣ ጫፋቸውንም ከቦይለሩ በላይ ይስቀሉት። 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ በ1 ሊትር ለብ ባለ ውሃ በጥብጠው በአንዱ ጎማ በማንቆርቆሪያ ያስገቡ፣ በሌላው ጫፍ ብቅ እስኪል። አረፋ ስለሚያወጣ ጫፎቹን አይድፈኑ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ያፍስሱ፤ የወጣው ድፍርስ ከሆነ በአዲስ ይድገሙት፣ ከዚያ 5 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ያጥቡት። የባትሪ አሲድም ሆነ የመጸዳጃ ቤት አሲድ መዳቡን ይበላዋል፤ አይጠቀሙባቸው።

ሙቅ ውሃ በሚወጣበት ቧንቧ ላይ ሁለት ሽቦ ያላት፣ ሳንቲም የምታክል ክብ ነገር ተጣብቃ ያያሉ። የሙቀት መቆጣጠሪያ ናት። በላይዋ ላይ 75 ወይም 85 የመሰለ ቁጥር ተጽፏል፤ ቧንቧው እዚያ ዲግሪ ሲደርስ ከባትሪ ድንጋዩ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ መስመር ትቆርጣለች፣ እሳቱ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ትመለሳለች። ቦይለሩ አምስት ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋና ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የሚሠራ ከሆነ ሥራዋን እየሠራች ነው። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ያሳስበናል። «ይቺ ናት የምታስቸግረው» ተብሎ ሁለቱ ሽቦዎች ተገጣጥመው ዳይሬክት ይደረጋሉ። ከዚያ በኋላ በሰውና በሚፈላ ውሃ መካከል የሚቆም ነገር የለም። መበላሸቷን ለማወቅ ቦይለሩ ቀዝቅዞ ሽቦዎቿን ነቅለው በመልቲሜትር ይለኩ፤ በብዙዎቹ ቦይለሮች ቀዝቃዛ ሆና 0 ኦም አካባቢ ማሳየት አለባት። መስመሩ ተቆርጦ ካገኙት ያው ቁጥር ያላት አዲስ ትግባ። ውሃው ገና ሳይሞቅ እሳቱ የሚጠፋ ከሆነ ግን አስቀድመው ባትሪ ድንጋዩን ይቀይሩ።

ጋዙ የተነካበት ማንኛውም መጋጠሚያ ከሥራ በኋላ በኦሞ አረፋ ይቀባ። አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያመልጣል። በክብሪት መፈተሽ የሚባል ነገር አይኑር፤ የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተኝቶ እሳት ይጠብቃል።

የቀረው የተሰቀለበት ቦታ ነው። እዚህ ከተማ የሻወር ቤት መስኮት ትንሽ ናት፣ ማታ ማታም ወባና ትንኝ እንዳይገባ ጥርቅም ተደርጋ ትዘጋለች። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚነድ ቦይለር ኦክስጅኑን ይጨርስና ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ከተሰማ ጋዙን ዘግቶ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት፣ ከዚያም ሕክምና ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ ተቀምጦ እስኪያልፍ መጠበቅ ሰው ይገድላል። ሻወር ቤት ውስጥ የተሰቀለ ቦይለር ካለዎት ከላይ ካልነው ጥገና ሁሉ በፊት ወደ ውጭ ግድግዳ ይዛወር፤ ዝናብና ነፋስ የማያገኘው ጣሪያ ሥር፣ ከመስኮት ራቅ ብሎ፣ ሲሊንደሩም ውጭ ቆሞ። ትንኙን የሽቦ መረብ ይከላከለዋል፤ መስኮቷ ትከፈት።